ፀሐይ የበላቻቸው ተሳፋሪዎች

ሰኞ

ይህችን ከተማ ከዳር እስከ ዳር የቀባኋት እኔ ነኝ። እሺ፣ ከዳር እስከ ዳር አይደለም። ከድልድዩ ማዶ ያለውን ሰፈር ሌሎች ናቸው የቀቡት፤ ያስታውቃልም። ከድልድዩ ወዲህ ግን የእኔ ቡሩሽ ያልነካው ግድግዳ ካለ፣ ግድግዳው ራሱ ሸሽቶኝ ነው። ቅጽል ስሜም ከዚያው መጣ፤ ቡሩሽ ይሉኛል።

የማታው ትምህርት በዚህ ሳምንት ያልቃል። መምህራችን «በየቀኑ ካልጻፋችሁ ፊደሉ እንደ እንግዳ ተሰናብቷችሁ ይሄዳል» ብላ አስፈራርታናለች። ስለዚህ ደብተር ገዛሁ። ቀኑን በስሙ ብቻ እጽፋለሁ፤ ሰኞ ከሆነ ሰኞ ነው፣ የትኛው ሰኞ እንደሆነ እኔ አውቀዋለሁ።

ዛሬ የእህቴ ባል ለዓይናቸው ሕክምና ወደ ትልቁ ከተማ ሄዱ። እኔ ጋሼ እላቸዋለሁ። ሰፈሩ ሾፌሩ ይላቸዋል፤ ዕድሜያቸውን የጨረሱት የከተማ አውቶብስ ሲነዱ ነው። እህቴም አብራ ሄዳለች። ልጃቸው የምትኖረው እዚያ ነው፤ መውለጃዋም ደርሷል። ቤቱን እንድጠብቅ ቁልፉ ለእኔ ተሰጠ፤ እኔም የምኖረው እዚያው፣ ጓሮ ባለችው ክፍል ነው።

የሚጠበቀው ግን ቤቱ አይደለም። ሳሎኑ ውስጥ አውቶብስ መስሎ የተሠራ ባለመስታወት ሣጥን አለ። በየወንበሩ አውራ ጣት የሚያክል ሰው ተቀምጧል። ጋሼ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ሲያመላልሷቸው የኖሩትን ተሳፋሪዎች ከእንጨት እየቀረጹ፣ ከሽፋሽፍት በማይወፍር ቡሩሽ ቀብተዋል። ዶሮ ያቀፈ ሽማግሌ አለ። ቬሎ ለብሳ አውቶብስ የተሳፈረች ሙሽራ አለች። መስኮት ተደግፎ ያንቀላፋ ተማሪ አለ፤ ለሃጩ እንኳ አልቀረም። ከሾፌሩ ጀርባ ባለችው ወንበር ደግሞ ቀይ ሻሽ ያሰረች ወጣት ተቀምጣለች። እሷ እህቴ ናት። እንደዚያ ሆና ተሳፍራ ነው የተዋወቁት።

ጋሼ ከመውጣታቸው በፊት እጄን ይዘው መስኮቱ ጋ አቆሙኝ።

«መጋረጃው ድርብ ነው። ቀን አይከፈትም። ልታያቸው ካማረህ ማታ በመብራት እያቸው።»

«ጋሼ፣ ለእኔ ደግሞ ስለ ቀለም ይነገረኛል?»

«የአንተ ቀለም ዝናብ ይችላል። የእኔው ፀሐይ አይችልም። ፀሐይ እንደ ምስጥ ናት፣ ስትበላ ድምፅ የላትም። መጀመሪያ ቀዩ ይሄዳል። ከዚያ ሮዙ፣ ከዚያ ብጫው።»

«ቫርኒሽ ተቀብተው የለ እንዴ?»

«ቫርኒሽ ከጣት ያድናል እንጂ ከፀሐይ አያድንም።»

ማልኩላቸው። በእህቴ ሞት ማልኩ። እህቴ ሻንጣውን እንደያዘች «በራስህ ሞት ማል!» አለችኝ። ሳቅን። በሩ ላይ ግን ወደ ኋላ ቀርታ በዝግታ «ቡሩሽ፣ እዚህ ላይ እንኳ ቀልድህን ተው። ዓይኑ ከዳነ ሌላ ይቀባል። ካልዳነ የቀሩት እነዚህ ብቻ ናቸው» አለች።

እትዬ አንዳንዴ ታጋንናለች።

ሐሙስ

የትምህርቱ መጨረሻ ቀን። መምህራችን በእጃችን የሠራነውን አንድ ነገር ይዘን እንድንመጣና ስለሱ ሰሌዳው ላይ እንድንጽፍ አዛ ነበር። አንዷ የሹራብ ካልሲ አመጣች። አንዱ ወንበር ተሸክሞ መጣ። እኔ የሠራሁት ግድግዳ ነው። ግድግዳ ደግሞ ኪስ ውስጥ አይገባም።

ቀይ ሻሽ ያሰረችውን በክት ኮቴ ኪስ ይዤ ሄድኩ። ለማሳየት ብቻ። ሰው እህቱን ይዞ ቢወጣ ምን ነውር አለው?

ሰሌዳው ላይ «ይህችን የሠራኋት እኔ ነኝ» ብዬ ጻፍኩ። አጨበጨቡልኝ። መምህራችን መዳፏ ላይ አድርጋ አገላብጣ አየቻትና «ይህን የመሰለ እጅ ይዘህ ነው ግድግዳ ስትለቀልቅ የኖርከው?» አለች። ሌሎቹስ የት አሉ ሲሉኝ «ቤቴ» አልኳቸው።

ቤቴም አልኩ።

በሕይወቴ ሰሌዳ ላይ የጻፍኩት የመጀመሪያው ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይኸው ነው። ፊደሉ አንድም ስህተት አልነበረበትም።

ቅዳሜ

ዛሬ የመጋረጃው ብረት ወደቀ። በራሱ ነው የወደቀው። ብሎኑ ላልቶ ኖሯል። መጋረጃውን አጣጥፌ አስቀምጬዋለሁ።

እንዳጋጣሚ የማታ ትምህርት ጓደኞቼ ከሰዓት በኋላ በመንገዱ ሲያልፉ በመስኮቱ አዩዋቸው። ለረጅም ጊዜ ቆሙ። እኔም ወጥቼ ማን ማን እንደሆነ ነገርኳቸው። ስለ ሙሽራዋ ስናገር አንዷ እንባ ቀረራት። ተራኪ መሆን ነበረብኝ።

ማክሰኞ

ሥራ። የአንድ ቢሮ ኮርኒስ፣ ነጭ በነጭ። አንገቴ ተጣመመ። ብረቱን ለመስቀል ጊዜ የለም።

ዓርብ

ከመንገዱ ማዶ ያለው ልብስ ሰፊ ከሥራው በወጣ ቁጥር መስኮቱ ጋ ይቆማል። ደንበኞቹን ጠርቶ ያሳያል። ዛሬ ከግድግዳው ጥግ ሆኜ «ይሄ ቡሩሽ አፉ ብቻ ይመስለኝ ነበር» ሲል ሰማሁት። ተሰድቤ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ብሎን ልገዛ ወጥቼ ነበር። ሱቁ ተዘግቷል።

የሻሿን ባለቤት ከኮቴ ኪስ አላወጣኋትም። ነገ ወንበሯ ላይ አስቀምጣታለሁ።

እሁድ

እህቴ ደወለች። ልጅቷ ወልዳለች፣ ሴት። የጋሼም አንድ ዓይን ተሠርቷል፤ ሁለተኛው የሚሠራው ይሄኛው ድኖ ሲታይ ነው። ጥቁር መነጽር አድርገው ቤት ተቀምጠዋል።

«ሐኪሙ ‹ቀለም ሁሉ እንደ አዲስ ይታይዎታል› ብሎታል። እሱ ደግሞ መጀመሪያ የማየው አውቶብሴን ነው ብሎ ልጄን አስቸገራት። መጋረጃው ደህና ነው?»

«ደህና ነው።»

ደህና ነው። ታጥፎ ተቀምጧል፣ ምን ይሆናል?

ብሎን ቤት እሁድ አይከፍትም።

ረቡዕ

እንዲህ ያለ ፀሐይ አይቼ አላውቅም። ዛሬ የቀባሁት በር እጄን ሳላነሳ ደረቀ።

ረቡዕ፣ ሌላኛው

ልብስ ሰፊው መርፌውን ከንፈሩ ላይ እንደሰካ «ቡሩሽ፣ ሰዎችህ ወዛቸው ጠፋ ልበል?» አለኝ።

«ፀሐይ ቀለም ታጠነክራለች» አልኩት። «በር ቀብተህ ጥላ ውስጥ ብታቆመው ሳምንት ሙሉ ይጣበቅብሃል።»

«አንተ ታውቃለህ» ብሎ ሄደ።

እኔ አውቃለሁ። ገባሁና ሣጥኑ ፊት ተቀመጥኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከውስጥ በኩል አየኋቸው፤ እስከዛሬ ከሰዎቹ ጋር ሆኜ ከውጭ ነበር የማያቸው። ሙሽራዋ ጉንጭ ነበራት። አሁን የላትም። እቅፍ አበባዋ የታጠበ ጨርቅ መስሏል። የዶሮው አናት ላይ ያለው ቀይ ኩክኒ ነጥቷል። የተማሪው ከንፈር ከፊቱ ጋር አንድ ሆኗል። ያልተነካው ቡናማውና ጥቁሩ ብቻ ነው፤ ጫማቸው፣ ሻንጣቸው፣ ፀጉራቸው። ጫማቸው ደማቅ፣ ፊታቸው የበሽተኛ።

ከዚያ ኮቴን ከቁም ሣጥን አውጥቼ እህቴን ከኪሱ አወጣኋትና ወንበሯ ላይ አስቀመጥኳት። እዚያ ሁሉ አመድ መሃል ሻሿ እንደ ፍም በራ። ሌሎቹን አሳበቀችባቸው። ሌሎቹን ማለቴ አይደለም፤ እኔን ነው ያሳበቀችብኝ። መልሼ ኪሴ ከተትኳት።

ብረቱን ሰቀልኩት። ሻይ እስኪፈላ እንኳ አልፈጀብኝም።

ሐሙስ

ሥራ አልሄድኩም። የስሚንቶ ከረጢት ወረቀት ቀድጄ መስኮቱን ለበጥኩት። በላዩ መጋረጃውን ዘጋሁ። ሣጥኑን ፀሐይ ወደማይዞርበት ግድግዳ ጎተትኩት። ክፍሉ ጉድጓድ ሆነ። አንዲት ጨረር ብትገባ በቡጢ ነው የምላት።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ዓርብ

የጋሼ ቀለሞች መሳቢያ ውስጥ ናቸው፤ መንካት ፈራሁ። ከራሴ ቆርቆሮ ቀይ የዘይት ቀለም አመጣሁ። ከዶሮው ጀምሬ ልሞክር ብዬ ኩክኒው ላይ አንዲት ጠብታ በክብሪት እንጨት አሳረፍኩ። ጠብታዋ ለኩክኒው በዛች። ወረደች። ዶሮው የታረደ መሰለ። በአኳራጅ፣ በቀለም ማቅጠኛው፣ ልጠርገው ስል የሽማግሌው እጅ ቆዳው ተገፈፈ። ቀዩን በነጭ ቀለም ደፈንኩትና ተውኩት።

ከተማዋን የቀባሁት ሰውዬ አንድ ዶሮ ከበደኝ።

ሰኞ

ጋሼ መጡ። ብቻቸውን፣ በአውቶብስ። እህቴ ከአራሷ ጋር ቀርታለች። ከመናኸሪያው ተቀብያቸው ስንመጣ የሹፌሩን አነዳድ ሲያሙ ነበር፣ ደስ ብሏቸው። በሩ ላይ «ጨለማ ነው፤ ጎበዝ!» አሉኝ። ትከሻዬን መታ መታ አደረጉ።

እስኪመሽ አላስቸኮሉም። መብራቱን አበሩ። ወንበር ስበው ሣጥኑ ፊት ተቀመጡና ጥቁር መነጽሩን አወለቁ። ያልተሠራውን ዓይን በመዳፋቸው ሸፈኑ። ከዚያ ጠጋ አሉ፤ ራቅ አሉ። መብራቱን አዞሩት። ዓይናቸውን ጠርገው እንደገና አዩ።

እኔ በሩን ተደግፌ ቆሜያለሁ።

«የፊተኛዋ ወንበር ባዶ ናት?» አሉ።

«እትዬ ይዛት ሄዳለች» አልኩ። ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም። ሁልጊዜም ይመጣልኛል፤ የእኔ ችግር ይኸው ነው።

«እሷ? ‹ቅማሎችህ› እያለች ስትስቅብኝ የኖረችው?»

«ኪሷ ውስጥ ስትከታት አይቻለሁ።»

ፊታቸው በራ። «ይዛት ሄዳ ሳትነግረኝ! አይ ሴት!» አሉ። ለብቻቸው ሳቁ። ከዚያ ሳቁ ቀስ እያለ ጠፋና ወደ ሙሽራዋ ተመለሱ።

«አልሠራም» አሉ።

«ምኑ?»

«ዓይኔ። እዚያ ሳለሁ መጋረጃው ደማቅ ነው፣ የሕፃኗ ልብስ ሮዝ ነው ሲሉኝ አዎ ስል ነበር። የማያቸው ይመስለኝ ነበር። ግን ከምን ጋር አነጻጽረዋለሁ? እነዚህን ግን በእጄ ነው የቀባኋቸው። የዚህችን ጉንጭ ሦስት ጊዜ ነው የቀባሁት። አሁን አመድ ናት። ቀዩ የለም፣ ሮዙ የለም። ዓይኔ ቀለም አጥቷል።»

አፌን ከፈትኩ። «ይለመዳል ጋሼ» ብዬ ዘጋሁት።

ይለመዳል አልኩ።

ማክሰኞ

እህቴ ደወለች። እያየ ነው ወይ? እያዩ ነው አልኩ። ጋሼ ስልኩን አልቀበልም አሉ። የሁለተኛው ዓይን ቀጠሮ እንዲቀር ንገራት አሉኝ። «አንደኛው እንዲህ ከሆነ ሌላውን አላስነካም። ቢያንስ ጥላ ያያል።»

አልነገርኳትም። አልነገርኳትም ስል መልካም ያደረግሁ ይመስላል። ፈርቼ ነው።

ሐሙስ

ጋሼ ምሳ ሳይበሉ ዋሉ። ማታ ሣጥኑ ፊት። መብራቱን ቀየርኩላቸው፣ ደመቅ ያለ አምፖል። «አይ፣ ከአምፖሉ አይደለም» አሉ።

ሥራ ላይ ሁለት ጊዜ ከመሰላሉ ልወድቅ ነበር። ወድቄ ቢሆን ብዬ ሁሉ አሰብኩ። እግሬ ተሰብሮ አልጋ ላይ ያለን ሰው ማን ይቆጣል?

ቅዳሜ

ይህችን ቀን እንዴት እንደምጽፋት አላውቅም።

ልብስ ሰፊው እንኳን ደህና መጡ ሊል ገባ። እግዚአብሔር ይማርዎ ብሎ ሳይቀመጥ ወደ ሣጥኑ ዞረና «ውይ ቡሩሽ፣ ሰዎችህን ወዲህ አዞርካቸው? ደንበኞቼ ጠፉብን እያሉ ነው እኮ! ሾፌሩ፣ ይሄን የመሰለ ባለሙያ ቤትዎ አስቀምጠው አለመናገርዎ!» አለ።

ፊቴን የምደብቅበት አጣሁ። ጋሼ ወደ እሱ አላዩም። ወደ እኔ ዞሩ። ያቺ የተሠራችው ዓይናቸው ፊቴ ላይ ቆየች።

«አዎ» አሉ። «እጁ ይባረክ። የእሱ ናቸው።»

ልብስ ሰፊው ደስ ብሎት ሄደ። እኔ ተንበርክኬ ይቅርታ የምል መሰለኝ፤ ተነስቼ ብርጭቆ አጠብኩ። ስመለስ ጋሼ መሳቢያውን ከፍተው ቀጫጭኖቹን ቡሩሾች በጨርቅ ሲጠቀልሉ አገኘኋቸው። ጥቅሉን ዘረጉልኝ።

«ውሰዳቸው። ስም ከወጣልህ አይቀር እጅህን ሞክርበት። እኔ ከእንግዲህ ምን አደርጋቸዋለሁ?»

ቢሰድቡኝ እችለው ነበር። ስድብ ለምጃለሁ፣ መልስም አላጣም። ይሄኛውን ግን በሁለት እጄ ተቀበልኩ። እነሱን ተሸክሜ ክፍሌ ገባሁ። ቡሩሾቹ ሲደመሩ አንድ እርሳስ አይከብዱም።

እሁድ

ጠዋት፣ ቁርስ ሳይቀርብ፣ ኮቴን ለበስኩ። ጋሼ «የት ልትሄድ ነው በክት ልብስ?» አሉ። የትም አልሄድም አልኩ። ሙሽራዋን ከሣጥኑ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አቆምኳት። ከኪሴ ቀይ ሻሽ ያሰረችውን አውጥቼ አጠገቧ አቆምኳት።

«ይቺስ ምን ትመስላለች ጋሼ?»

መነጽራቸውን አወለቁ። ጎንበስ አሉ። ጣታቸውን ወደ ሻሿ ዘርግተው ሳይነኳት ቆሙ።

«ቀይ» አሉ። ከዚያ ጮክ ብለው «ቀይ ናት እኮ! ዓይኔ… አንተ፣ ዓይኔ አለ!»

አለቀሱ። እኔም ያለቀስኩት ያኔ ነው፤ ደስታቸውን ሳላበላሽ አንድ ደቂቃ ብቻ ልቆይ ብዬ ቆየሁ። ግን ራሳቸው ቀስ ብለው ወደ ሙሽራዋ ዞሩ። ወደ ሻሿ። ወደ ሙሽራዋ። ከዚያ ወደ እኔ።

ነገርኳቸው። የመጋረጃው ብረት ወድቆ ሳላነሳው ሰነበትኩ አልኳቸው። ሰው ሲያይ ደስ አለኝ አልኳቸው። የእኔ ናቸው ብዬ ሰሌዳ ላይ ሳይቀር ጻፍኩ አልኳቸው። ዶሮውንም ነገርኳቸው። በጣታቸው ዳበሱትና «እኔም ይሄ ዶሮ ኮት ደርቧል እያልኩ ነበር» አሉ። አልሳቁም።

«ታዲያ እህትህ አልያዘቻትም?»

«አልያዘቻትም።»

ከሁሉም የከበዳቸው እሷ ነበረች። አንገታቸውን ሲደፉ አየሁ። ቀለማቸውን በፀሐይ ጨረስኩባቸው፤ ይሄንን ግን በአፌ ሰጥቼ በአፌ ነጠቅኋቸው።

«ሂድ ሻይ አፍላ» አሉኝ። «ዓይኔ ደህና መሆኑን ካወቅሁ ወዲህ ፊትህን ማየት ከብዶኛል።»

ከማድቤት ሆኜ ስልክ ሲያወሩ ሰማኋቸው። «ቀጠሮው እንዳይቀር። አዎ… አዎ፣ አያለሁ። አንቺንም አያለሁ፤ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ነሽ።» ከዚያ ሰሟት። ከዚያ ሳቁ። ምን እንዳለቻቸው አልጠየቅሁም፤ የመጠየቅ ፊት የለኝም።

ማክሰኞ

ልብስ ሰፊው ሱቅ ሄጄ ነገርኩት። ደንበኞች ነበሩ፤ ይውጡልኝ ብዬ አልጠበቅሁም። የሸሚዝ ቁልፍ እየተከለ ነበር፤ ክሩን በጥርሱ በጠሰና «ተመስገን፣ እኔ ደግሞ አፉ ብቻ ነው ማለቴ ተሳስቼ ነው ብዬ ተጨንቄ ነበር» አለ። ሁሉም ሳቁ። ሳቁን ችዬ ቆሜ ሰማሁት።

መምህራችን ገና አልተነገራትም። ሰሌዳው ተጠርጓል፣ እሷ ግን የምትረሳ ዓይነት አይደለችም።

ዓርብ

ጋሼ ለሁለተኛው ዓይን ዛሬ ሄዱ። ቡሩሾቹን ከክፍሌ አምጥቼ መሳቢያቸው ውስጥ መለስኩ። «ስመጣ ሙሽራዋን እንደገና እድራታለሁ» አሉ። «አንተ ቀለም አትነካም። ቡሩሽ ታጥባለህ።» ዶሮው ግን እንዳለ ይቆያል። ያየ ይጠይቅ፣ አንተ ትመልሳለህ ብለውኛል።

ቀይ ሻሽ ያሰረችውን በሸሚዛቸው ኪስ ከተቷት። «ባለቤቷ ጋ ላድርሳት፤ ይዛት ሄዳለች ከተባለ አይቀር።»

ቁልፉን ሰጡኝ። እንደገና ለእኔ። መማል ጀመርኩ፤ በእጃቸው አፌን ያዙ። ከዚያ መስኮቱ ጋ ሄደው መጋረጃውን ያዝ አድርገው ወደ ታች ሳቡት። ብረቱ አልተነቃነቀም። እንደገና፣ በሙሉ ክብደታቸው ተንጠለጠሉበት። አልተነቃነቀም።

«አደራ፣ ይሄ ብረት እንዳይወድቅብህ» አሉ። ወደ እኔ ሳያዩ ወጡ።

ያን ጊዜም ብረቱ በራሱ አልወደቀም። ወንበር ላይ ቆሜ በካቻቪቴ ፈትቼ ያወረድኩት እኔ ነኝ። መስታወቱንም በጋዜጣ ወለወልኩት፣ ከውስጥም ከውጭም፣ ጥርት ብለው እንዲታዩ።